ፋውል ሆነ፤ አሁን የሚመታው ማነው? የስኑከር ሕግ ከጥፋት በኋላ

ደብረ ብርሃን ሲመሽ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከሥራ የወጣው፣ ከክፍል የተለቀቀው ተማሪ፣ ባጃጁን ያቆመው ልጅ ፑል ቤት ይሰበሰባል። ባለፈው ሰሞን እኔም እዚያው ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስኑከር ያሳያል፤ እንደ ፑል በዱላ ኳስ እየመቱ ቀዳዳ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ነጯን ኳስ መታ። ነጯ ሁለት ጠርዝ ነክታ ዞረችና ቀይዋን ለጥቂት ሳተቻት። ዳኛው አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ጓንት ባጠለቀ እጁ ነጯን አንስቶ መጀመሪያ ወደነበረችበት ቦታ መለሳት። ያው ተጫዋች እንደገና መታ። አሁንም ሳተ። ዳኛው አሁንም መለሳት።

ቤቱ ተንጫጫ። «ይሄ ሰውዬ ስንቴ ነው የሚመታው?» አለ አንዱ። «ፋውል ከሆነ ለዚያኛው ሁለት ምት ነው» አለ ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «የለም፣ ነጯን በእጁ ይዞ የፈለገበት ያስቀምጣታል» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ እስቲ ይፍረዱን!»

ሁለት ምትም ሆነ ነጯን በእጅ ይዞ የፈለጉበት ማስቀመጥ በየፑል ቤቱ የሚሠራባቸው ሕጎች ናቸው። ልጆቹ ከሜዳ ያመጡት ነገር አይደለም። በስኑከር ግን አንዱም አይሠራም። ስኑከር ከጥፋት በኋላ የራሱ አካሄድ አለው። ያ አካሄድ ደግሞ አንድ ሐሳብ ይዞ የሚሄድ ነው፤ ያጠፋ ሰው በጥፋቱ መጠቀም የለበትም፣ የተበደለው ደግሞ ይመርጣል። ይህቺን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ጠረጴዛው ላይ ምን አለ?

በአጭሩ ልለፈው። 22 ኳስ አለ። አንዷ ነጭ ናት፤ በዱላ የምትመታው እሷ ብቻ ነች። 15ቱ ቀይ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ያስገኛሉ። የቀሩት ስድስቱ «ባለ ቀለም» ይባላሉ። ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቡናማ 4፣ ሰማያዊ 5፣ ሮዝ 6፣ ጥቁር 7 ነጥብ ናቸው።

መጀመሪያ ቀይ ታስገባለህ። ከዚያ አንድ ባለ ቀለም። ባለ ቀለሟ ከቀዳዳው ወጥታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ቀዩ ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው። እንዲህ ቀይና ባለ ቀለም እያፈራረቅህ ትሄዳለህ። ቀይ ሲያልቅ ባለ ቀለሞቹ ከቢጫ ጀምሮ እስከ ጥቁር በተራቸው ይገባሉ። ያን ጊዜ አይመለሱም።

አንድ ቃል ደግሞ እንያዝ፤ «ተረኛ ኳስ»። ነጯ መጀመሪያ ልትነካት የሚገባት ኳስ ማለት ናት። የቀይ ተራ ከሆነ ማንኛውም ቀይ ተረኛ ነው። የባለ ቀለም ተራ ከሆነ ደግሞ አንተ የመረጥካት። ከዚህ በኋላ የምናወራው ሁሉ በዚህች ቃል ላይ የቆመ ነው።

ጠረጴዛው ደግሞ ከለመድነው የፑል ጠረጴዛ በጣም ይበልጣል። መጫወቻው ብቻ 3 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ78 ስፋት አለው። ኳሶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ ቀዳዳዎቹም ጠባብ። ከዚያ ርቀት ሆኖ፣ በጠርዝ አጋጭቶ አንዲት ቀይ መንካት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

ፋውል የሚባለው ምን ምን ነው?

ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ነጯ ምንም ኳስ ሳትነካ ከቀረች። ተረኛ ያልሆነችን ኳስ መጀመሪያ ከነካች። ነጯ ራሷ ቀዳዳ ከገባች። ተረኛ ያልሆነች ኳስ ከገባች። ኳስ ከጠረጴዛ ዘሎ ከወደቀ። ነጯን በአንድ ምት ሁለቴ ከነካሃት ወይም በዱላው ከገፋሃት። ስትመታ ሁለቱም እግርህ ከመሬት ከተነሳ። ኳሶቹ ሳይቆሙ ከመታህ።

ከእነዚህ ይልቅ የእኛን አገር ሰው የሚመለከተው ሌላ ነው። ልብስ። ስኑከር ላይ ነጯን በዱላው ጫፍ ከመምታት በቀር ማንኛውንም ኳስ በምንም መንካት አይቻልም። እጅ፣ ክራቫት፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ጸጉር እንኳ ቢሆን ፋውል ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ደግሞ በዚህ ብርድ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ አንዳንዱም ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚጫወተው። ያን ቀን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። አንዱ ልጅ ሩቅ ያለ ኳስ ሊመታ ተንጠራራ። የጃኬቱ ዚፕ ከሆዱ ሥር የነበረች ኳስ ነካ። ኳሷ የተንቀሳቀሰችው ከጥፍር ባልበለጠ ነው። ፑል ቤት ውስጥ «ምንም አይደል፣ መልሳት» ተብሎ ታለፈ። ስኑከር ቢሆን ነጥብ ያስከፍል ነበር። ትልልቆቹ ተጫዋቾች እጅጌ አልባ ሰደርያ ለብሰው ታዩአቸዋላችሁ፤ እንዲህ ያለ ልብስ ጨርቅ እንዳይንዘላዘል ይረዳል።

ደስ የሚለኝ ሌላ ልማድ አለ። ዳኛው ያላየውን ፋውል ተጫዋቹ ራሱ ይናገራል። ቆም ይልና «ነክቻለሁ» ይላል። ማንም አላየም፣ ካሜራም ላያሳይ ይችላል። ግን ይናገራል። በስኑከር ይህን ያላደረገ ሰው ስሙ ይጠፋል።

ዳኛ ለሌላቸው ደግሞ አንዲት ሕግ አለች። ፋውል ከሆነ የሚቀጥለው ምት ከመመታቱ በፊት መጠየቅ አለበት። ቀጣዩ ምት ከተመታ በኋላ «ቅድም ነክተህ ነበር» ማለት አይሠራም። ጥፋቱ ታልፏል። ይህቺን የኛ ፑል ቤቶች ቢይዟት ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

ቅጣቱ ስንት ነጥብ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፋውል ያደረገ ሰው ነጥብ አይቀነስበትም። ነጥቡ ለተጋጣሚው ይጨመራል።

መንዝ ውስጥ የአንዱ በሬ የጎረቤቱን ገብስ በላ እንበል። ሽማግሌ ተቀምጦ ጉዳቱን ይገምታል። ካሳው የሚሄደው ለባለ ገብሱ ነው። የበሬውን ባለቤት ጎተራ ከፍቶ እህሉን የሚደፋ የለም። ስኑከርም እንዲሁ ነው። ቅድም ያገኘኸው ነጥብ ያንተው ነው። ካሳውን ግን ያኛው ይወስዳል።

ካሳው ከ4 አያንስም፣ ከ7 አይበልጥም። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ተረኛዋ ኳስ ስንት ነጥብ ናት? በስህተት የነካሃት ወይም ያስገባሃት ኳስስ ስንት ናት? ከሁለቱ የሚበልጠውን ትከፍላለህ። ሁለቱም ከ4 በታች ከሆኑ 4 ትከፍላለህ።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፤ አንዱ የመሐል ሜዳ ልጅ ነው፣ አንዱ የደብረ ሲና። ተራው የመሐል ሜዳው ነው፣ ተረኛዋም ቀይ ናት። ምንም ሳይነካ ቢቀር 4። ቢጫን ቢነካ 4፣ ምክንያቱም ቢጫ 2 ብትሆንም ከ4 በታች ቅጣት የለም። ሰማያዊን ቢነካ 5። ቀይዋን በትክክል ነክቶ፣ ያቺ ቀይ ሄዳ ጥቁሯን ገፍታ ብታስገባት 7። አሁን ደግሞ ጥቁር መርጦ ቀይ ቢነካስ? 7 ነው። የተነካችው ባለ 1 ብትሆንም ተረኛዋ ጥቁር ነበረች። በአንድ ምት ሁለት ጥፋት ቢፈጽምስ? አይደመርም። ትልቁ ብቻ ይቆጠራል።

በዚያ ምት ውስጥ በትክክል የገባ ኳስም ነጥብ አያስገኝም። ቀይ አስገብቶ ነጯም ተከትላ ብትገባ የቀይዋ 1 ነጥብ የለም። ከዚያ ምት በፊት በተከታታይ የሰበሰበው ግን አይነካም።

ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ ማን ይመታል?

አሁን ወደ ልጆቹ ክርክር ደረስን።

ተራው ወደ ተበደለው ያልፋል። እሱ ግን ዘሎ አይመታም። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ዞሮ ያያል። ምክንያቱም ምርጫ አለው። ኳሶቹ ካሉበት ቦታ ራሱ መምታት ይችላል። ወይም ያጠፋውን ሰው «እንደገና አንተ ምታ» ሊለው ይችላል።

ሁለተኛው ለብዙዎች እንግዳ ነው። ተራህን ለምን ትሰጣለህ? እስቲ አስቡት። የመሐል ሜዳው ልጅ ፋውል አደረገ፣ ነጯ ግን ሄዳ ጠርዙ ሥር ተለጠፈች። ቀዮቹ ሁሉ በሌላው ጫፍ ናቸው። ከዚያ መምታት መከራ ነው። የደብረ ሲናው 4 ነጥቡን ኪሱ ከቶ «በል፣ ራስህ ተወጣው» ይለዋል። ያጠፋው ሰው ራሱ ባመጣው ጣጣ ውስጥ ይቆያል። እንደገና ቢያጠፋ እንደገና ይከፍላል። ይህን ምርጫ አንዴ ከተናገሩት ወዲያ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ዝም ብሎ ማሰብ፣ ከዚያ መናገር ነው።

ሁለት ምት የሚባል ነገር የለም። ያቺን ከአእምሯችሁ አውጧት።

ነጯ ቀዳዳ ከገባችስ?

ያኔ ነጯን በእጅ መያዝ አለ። ግን የፈለጉበት አይደለም።

ጠረጴዛው በአንዱ ጫፍ በኩል በአግድም የተሰመረ መስመር አለው። ከጠርዙ 73 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይርቃል። መስመሩ ላይ ደግሞ ግማሽ ክብ ተስሏል። የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለሚመስል «ዲ» ይሉታል። ቢጫ፣ ቡናማና አረንጓዴ የሚቀመጡት እዚያው መስመር ላይ ነው። ነጯ ከገባች ወይም ከጠረጴዛ ከወደቀች ቀጣዩ ተጫዋች ከዚያ ግማሽ ክብ ውስጥ ወይም ከዲው መስመር ላይ ያስቀምጣታል። አቅጣጫ አይከለከልም፣ ወደፊትም ወደኋላም መምታት ይችላል። ከዲ ውጭ ግን አይቻልም።

የገቡት ሌሎች ኳሶችስ ምን ይሆናሉ? ቀይ በጥፋትም ይግባ በትክክል አይመለስም። ባለ ቀለም በጥፋት ከገባች ትመለሳለች። ቦታዋ በሌላ ኳስ ከተያዘ ክፍት ከሆኑት ቦታዎች ትልቁ ላይ ትቀመጣለች፤ መጀመሪያ የጥቁር ቦታ፣ ካልሆነ የሮዝ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል።

ፍሪ ቦል ምንድነው? ለምን ባለ ቀለሟ እንደ ቀይ ተቆጠረች?

ቴሌቪዥን ላይ ይህ ሲመጣ ግራ የማይጋባ የለም። የቀይ ተራ ሆኖ ሳለ ተጫዋቹ ጥቁሯን ይመታል። ትገባለች። ቦርዱ ላይ የሚታየው ግን 1 ነጥብ ነው። ዳኛውም ዝም አላለም፤ ቅድም «ፍሪ ቦል» ብሎ ተናግሯል።

መጀመሪያ «ስኑከር» የሚለውን ቃል እንፍታው። የጨዋታው ስም ብቻ አይደለም። ነጯና ተረኛዋ ኳስ መሃል ሌላ ኳስ ገብቶ መንገዱን ከዘጋ ተጫዋቹ «ስኑከር ሆነ» ይባላል። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1875 ሕንድ አገር ጀባልፑር የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ሲጀምሩት ቃሉ ለአዲስ ምልምል ወታደር የሚሰጥ ቅጽል ነበር። ያልበሰለ ለማለት። ቃሉ ወደ ጨዋታው የገባው በዚያ ነው።

እና አሁን የመሐል ሜዳው ልጅ ፋውል አደረገ እንበል። ነጯ እየተንከባለለች ሄዳ ከጥቁሯ ጀርባ ተደበቀች። ለደብረ ሲናው ልጅ አንድም ቀይ በደንብ አይታየውም። ያለ ፍሪ ቦል ቢሆን ምን ይሆናል? ያጠፋው ሰው 4 ነጥብ ከፍሎ ተጋጣሚውን ወጥመድ ውስጥ ከተተው ማለት ነው። በጥፋቱ ተጠቀመ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጣርማ በርን ታውቁታላችሁ። ጉም ሲወርድ ፊትህን አታይም። እዚያ አንድ ከባድ መኪና ሕግ ጥሶ መንገድህን ዘግቶ ቆመ እንበል። ትራፊኩ መጥቶ ሹፌሩን ይቀጣል። አንተን ግን «እስኪነሳ ቁም» አይልህም። በዚያኛው መስመር እለፍ ይልሃል። በሌላ ቀን በዚያ መስመር ብትሄድ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ዛሬ ግን ያንተ መስመር እሱ ነው። ፍሪ ቦል ይህ ነው። ቀዩ ስለተጋረደብህ የፈለግኸውን ኳስ «ይቺ ለእኔ ቀይ ናት» ብለህ ትሰይማለህ። ቀይ ናት ስለተባለች ዋጋዋም የቀይ ነው፣ 1።

ጥቁሯ ስትገባ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀይ እንዳስገባ ሰው ባለ ቀለም ትመርጣለህ። እንደገና ጥቁር ብትመርጥና ብታስገባ 7። አንድም እውነተኛ ቀይ ሳይነካ 8 ነጥብ ተገኘ። 15ቱ ቀዮች ደግሞ እንዳሉ ናቸው። ለዚህ ነው ስኑከር ውስጥ 16 ቀይ ያለ የሚመስልበት ጊዜ የሚኖረው። ያለ ፍሪ ቦል በአንድ ተራ ማግኘት የሚቻለው ትልቁ ነጥብ 147 ነው፤ 15 ቀይ ከ15 ጥቁር ጋር 120፣ የባለ ቀለሞቹ ድምር 27። ገና ምንም ቀይ ሳይገባ ፍሪ ቦል ከተሰጠ ግን 8 ተጨምሮ 155 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ስኮትላንዳዊው ጄሚ በርኔት በእንዲህ ያለ ፍሪ ቦል ተነስቶ 148 አስመዘገበ። በፕሮፌሽናል ውድድር ከ147 ሲታለፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ታዲያ «አይታየኝም» ማለት መቼ ነው? ሁለቱንም ጎኗን በቀጥታ መምታት የምትችላት አንዲት ቀይ እንኳ ካለች አልተጋረድክም፣ ፍሪ ቦል የለም። የሁሉም ቀዮች ቢያንስ አንዱ ጎን በባለ ቀለም ከተሸፈነ ግን አለ። ሩቡ ብቻ ቢሸፈንም አለ። ቀይ በቀይ ቢጋረድ አይቆጠርም። የቀዳዳው ጠርዝ ቢጋርድህም አይቆጠርም። የሚቆጠረው ተረኛ ያልሆነ ኳስ ሲጋርድ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ዳኛው ከነጯ ጀርባ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ቀዩ ሲያይ የምታዩት ይህን ሲለካ ነው።

ፍሪ ቦልም ገደብ አለው። የሰየምካትን ኳስ መጀመሪያ መንካት አለብህ፤ ሌላ ብትነካ ፋውል ያንተ ነው። ያቺኑ ኳስ መጋረጃ አድርገህ ተጋጣሚህን ከጀርባዋ መደበቅም አትችልም። ሮዝና ጥቁር ብቻ ሲቀሩ ነው ይህ የሚፈቀደው።

ዳኛው ኳሱን ወደ ቦታው የመለሰው ለምንድነው?

ልጆቹን ያንጫጫቸው ይሄ ነበር። ዳኛው የተናገረው «ፋውል ኤንድ ኤ ሚስ» ነው። ፋውል ሆኗል፣ ደግሞም ተጫዋቹ ተረኛዋን ለመምታት የቻለውን ያህል አልሞከረም ማለት ነው።

ይህ ሕግ ባይኖር አንድ ብልጥ ተጫዋች ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ስኑከር ሆኗል። ቀይዋን ሊመታት ይችላል፣ ግን ከመታት ቀዮቹ ተበትነው ለተጋጣሚው ይመቻሉ። ተጋጣሚው 60 እና 70 ነጥብ ይለቅምበታል። ስለዚህ ሆን ብሎ ለጥቂት ይስታትና ነጯን አስተማማኝ ቦታ ያደርሳታል። 4 ነጥብ ከፍሎ 60 አዳነ።

በእኛ አገር ድንበር የገፋ ሰው ካሳ ከፍሎ ብቻ አይሄድም። ሽማግሌዎቹ ቦታው ድረስ ሄደው የድንበሩን ድንጋይ ወደነበረበት ያስመልሱታል። «ሚስ» እንዲሁ ነው። ቅጣቱ ተከፍሎ፣ የተበደለው ከፈለገ ኳሶቹ ሁሉ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ ያጠፋውም ከዚያው ይመታል። ትልልቅ ውድድሮች ላይ ዳኛው ቦታውን በግምት አይመልስም። የተቀረጸውን ምስል በስክሪን እያየ፣ ተጫዋቾቹንም እየጠየቀ፣ በጣት ጫፍ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ያደርጋታል። አንዳንዴ ደቂቃዎች ይፈጃል። ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

እንደገና ቢስትስ? እንደገና ይከፍላል፣ እንደገናም ሊመለስ ይችላል። ሦስት ጊዜ ቢስት 4 እና 4 እና 4፣ 12 ነጥብ ሄደ ማለት ነው። በመሃል ሰማያዊ ቢነካ ያቺ ምት 5 ትሆናለች። ያን ቀን ቴሌቪዥን ላይ ያየነው ይህን ነበር።

ምርጫው ግን ሁልጊዜ የተበደለው ነው። ነጯ ለእሱ ተመችታ ከቆመች «ይመለስ» አይልም፣ ራሱ ይመታል። ፍሪ ቦልም ካለ እሱን መውሰድ ይችላል። ዳኛው በራሱ ፈቃድ ኳስ አይመልስም።

ተጫዋቹ ቀይዋ በቀጥታ ሙሉ በሙሉ እየታየችው ቢስት ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ያለ ምንም መጋረጃ ሁለት ጊዜ ከሳተ ዳኛው ያስጠነቅቀዋል። በሦስተኛው ከሳተ ያን ዙር ተሸነፈ። ዙሩን «ፍሬም» ይሉታል።

«ስኑከር ያስፈልገዋል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

እዚህ ላይ ሒሳብ ትገባለች። ቀይ አልቆ ስድስቱ ባለ ቀለም ብቻ ቢቀሩ ጠረጴዛው ላይ ያለው 27 ነጥብ ነው። የደብረ ሲናው ልጅ በ30 እየተመራ ነው እንበል። ሁሉንም ቢያስገባ እንኳ በ3 ይሸነፋል። ተስፋው አንድ ነው፤ የመሐል ሜዳውን ልጅ ስኑከር ማድረግና ፋውል ማሠራት። 4 ነጥብ ካገኘ ልዩነቱ 26 ይሆናል። ከዚያ 27ቱን ቢለቅም በ1 ያሸንፋል። በ31 እየተመራ ቢሆንስ? አንድ ባለ 4 ፋውል ወደ 27 ያወርደዋል፣ ሁሉን ቢለቅም እኩል ይሆናሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ዳኛው ብዙውን ጊዜ «ሚስ» አይጠራም። ሆን ተብሎ የተሳተ ከመሰለው ግን ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅጣት የሚፈልግ ሰው ባለበት ኳሱን እየመለሱ አሥር ጊዜ ማስመታት ቅጣቱን ያለ ልክ ያበዛዋል።

አንዳንዱ ተመልካች «ተሸንፏል እኮ፣ ምን ይጫወታል?» ይላል። አልተሸነፈም። ሮዝና ጥቁር ብቻ ቀርተው በ18 እየተመራ ያለ ሰው እንኳ መንገድ አለው። የቀረው 13 ነው። ተረኛዋ ሮዝ ስለሆነች አንድ ፋውል ቢያንስ 6 ያመጣለታል። ልዩነቱ 12 ሆነ። ሮዝና ጥቁርን ካስገባ በ1 አሸነፈ።

ጥቁሯ ብቻ ስትቀርስ?

ይህን የጠየቀኝ ያ ዚፑ ኳስ የነካበት ልጅ ነው። ጨዋታውን ጨርሶ፣ ተሸናፊ ነው የሚከፍለውና ሒሳቡን ከፍሎ፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ጥቁሯ ብቻ ቀርታ ፋውል ባደርግስ? ያኔም ይመለሳል?» አለኝ።

አይመለስም፣ አልኩት። ጥቁሯ ብቻ ስትቀር የመጀመሪያው ነጥብ ወይም የመጀመሪያው ፋውል ጨዋታውን ይዘጋዋል። ፋውል ካደረግህ 7 ለዚያኛው ይጨመርና ይቆጠራል። የበለጠ ያሸንፋል። እኩል ከመጣችሁ ብቻ ጥቁሯ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ነጯ ዲ ውስጥ ትገባለች፣ ሳንቲም ይጣላል። ዕጣው የወጣለት ማን መጀመሪያ እንደሚመታ ይመርጣል። ከዚያ ጥቁሯን ያስገባ አሸነፈ። ፋውል ያደረገም ተሸነፈ።

ልጁ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተነሳና የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቀለለ። «አንድ ጨዋታ እንጨምር» አለው ጓደኛውን፣ «ዛሬ ልብስም ቢነካ ፋውል ነው፣ አራት አራት እየቆጠርን።»